የትኛው ጥናት ውስጥ ልግባ? ለፓርኪንሰን እና ለፈንክሽናል የነርቭ መታወክ ታካሚዎች የንጽጽር መመሪያ

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሁለት ታካሚዎችን እናስብ። ሐኪሙ አንደኛውን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በተቻለው ስፋትና ፍጥነት 10 ጊዜ እንዲያጋጥም ያዘዋል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ የጣቶቹ አከፋፈት እየጠበበ፣ ፍጥነቱም እየሰለለ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ሁለተኛዋን ደግሞ እሱ የሚመታውን ምት በደህናው እጇ እንድትከተል ይጠይቃታል። ምቱን ሲያፈጥነው ወይም ሲያዘገየው የታመመው እጅ መንቀጥቀጥ ወይ ይቆማል፣ ወይ ከአዲሱ ምት ጋር አብሮ መምታት ይጀምራል። የፊተኛው የፓርኪንሰን፣ የኋለኛው የፈንክሽናል መንቀጥቀጥ መለያ ነው።

ሁለቱም እውነተኛ ሕመም አለባቸው። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ፈንክሽናል የነርቭ መታወክ፣ በባለሙያዎች አጠራር ኤፍኤንዲ፣ የነርቭ ሥርዓቱ ሳይቆረጥና ሳይቆስል አሠራሩ የሚዛባበት ነው፤ እግር ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ ጥቃት ይመጣል፤ ታካሚው ግን እያስመሰለ አይደለም። ሁለቱም «ጥናት ላይ ቢሳተፉስ?» ሊባሉ ይችላሉ፤ የሚጠየቁት ነገር ግን በጣም ይለያያል። አንዱ ከወገቡ ፈሳሽ ለማስቀዳትና መድኃኒቱን ሌሊቱን ሙሉ ሳይወስድ ለማደር መስማማት አለበት። ሌላዋ ለ5 ተከታታይ ቀናት ፊዚዮቴራፒ መሥራት ወይም ለወራት ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መቀመጥ ይጠበቅባታል።

ስለዚህ ጥናቶችን የምናወዳድርበት አንድ ዋና ጥያቄ አለን፤ ጥናቱ የሚለካው ምንድን ነው? የመድኃኒቱ ስም ወይም በዜና የተወራለት ተስፋ ብዙ አይነግርዎትም። ስንት ቀን እንደሚሄዱ፣ ሰውነትዎ ምን እንደሚደረግበትና በመጨረሻ የሚያገኙት ነገር ለኑሮዎ ይጠቅም እንደሆነ የሚወስነው መለኪያው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የምርመራው ጥንካሬ

ጥናት ከመምረጥዎ በፊት የያዙት የሕመም ስም በምን ላይ እንደቆመ ይወቁ። ለፓርኪንሰን በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍን ግድ ይላል፤ ከእሱ ጋር ዕረፍት ላይ ያለ እጅ መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ መገተር መኖር አለበት። መንቀጥቀጥ ብቻውን አይበቃም። ለኤፍኤንዲ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2013 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ «ከምልክቱ በፊት የሥነ ልቦና ጫና መኖር አለበት» የሚለውን ግዴታ አንስቶ ምርመራው በአካላዊ ምልክቶች ላይ እንዲመሠረት አደረገ። ከምልክቶቹ የታወቀው በ1908 የተገለጸው የሁቨር ምልክት ነው። ታካሚው ተኝቶ የደከመውን እግር ተረከዝ ወደ አልጋው እንዲጫን ሲታዘዝ አቅም ያጣል፤ ደህናውን እግር የሐኪሙን እጅ እየገፋ ወደ ላይ እንዲያነሳ ሲባል ግን ያው የደከመው ተረከዝ አልጋውን አጥብቆ ይጫናል። ጉልበቱ አለ፣ በፈቃድ የሚጠራበት መንገድ ነው የተዘጋው።

«ሁሉም ምርመራ ደህና ስለሆነ ኤፍኤንዲ ነው» የተባለ ሰው ጥናት ውስጥ ለመግባት ይቸገራል፤ መቸገሩም ተገቢ ነው። የሐኪሙ ደብዳቤ የታየውን ምልክት በስሙ መጥቀስ አለበት፤ የሁቨር ምልክት፣ የመንቀጥቀጡ ምት መከተል፣ ትኩረት ሲወሰድ የምልክቱ መቅለል። በዚህ መልክ የተሰጠ ምርመራ ደግሞ ጽኑ ነው። በስኮትላንድ በተደረገ ትልቅ ክትትል የነርቭ ሕመሙ ምልክቶቹን አይገልጻቸውም ከተባሉት 1030 ሰዎች ውስጥ ከ19 ወር ገደማ በኋላ ያልተጠበቀ ሌላ በሽታ የተገኘባቸው 4 ብቻ ነበሩ።

ጥርጣሬ ሲኖር የፓርኪንሰን ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ዳት ስካን ያዝዛሉ። አዮዲን 123 ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥና ከ3 እስከ 6 ሰዓት ከተጠበቀ በኋላ አንጎል ይነሳል። ደህና አንጎል ላይ ሁለት የነጠላ ሰረዝ ቅርጾች ይታያሉ፤ በፓርኪንሰን ጭራቸው ይጠፋና ነጥብ ይመስላሉ። በኤፍኤንዲ ስዕሉ ደህና ነው፤ በሌላ መድኃኒት ሳቢያ በመጣ ፓርኪንሰን መሰል ሕመምም፣ ኢሴንሻል ትሬመር በሚባለው መንቀጥቀጥም እንዲሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይሳሳታል። አንደኛ፣ ስካኑ ፓርኪንሰንን ከሚመስሉት የከፉ የአንጎል መመንመን በሽታዎች አይለየውም፤ እነሱም ነጥብ ያሳያሉ። ሁለተኛ፣ ቡፕሮፒዮን፣ ሜቲልፌኒዴት፣ አምፌታሚን እና ኮኬይን ስዕሉን ያበላሻሉ፤ የሚወስዱትን ሁሉ ከቀጠሮው በፊት ይናገሩ። ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓን ለስካኑ ተብሎ ማቋረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ይህ ለተመራማሪዎችም ራስ ምታት ነው። በ2004 ውጤቱ በወጣው የሌቮዶፓ ጥናት ውስጥ ስካን ከተነሱት የመጀመሪያ ደረጃ «ፓርኪንሰን» ታካሚዎች ከ10 ሰው ከ1 በላይ የሚሆኑት ስዕላቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ማጣሪያው ጠንክሮ ሲያዩ አይቀየሙ። ጥናቱ የተሳሳተ በሽታ ያለው ሰው ከያዘ ጥሩ መድኃኒት እንኳ የማይሠራ ይመስላል።

ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉም አይዘንጋ። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ኤፍኤንዲም ሊደርብ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከመድኃኒት ሙከራዎች ብዙ ጊዜ ይገለላል፤ የመልሶ ማቋቋምና የክትትል ጥናቶች ግን ሊቀበሉት ይችላሉ። ደብቆ ለመግባት መሞከር ራስን መጉዳት ነው። የሚለዋወጠው ምልክት የመድኃኒት ጉዳት ተደርጎ ሊመዘገብና መጠኑ ያለአግባብ ሊቀየርብዎት ይችላል።

ፓርኪንሰን ላለበት፦ ከቀላሉ እስከ ከባዱ

ቀላሉ የክትትል ጥናት ነው። መድኃኒት አይሰጥም፤ ዓመት በዓመት ይመረመራሉ፣ ደም ይሰጣሉ፣ ምናልባት ስካን ይነሳሉ። በ2010 የተጀመረው ፒፒኤምአይ የሚባለው ትልቅ ጥናት የዚህ ዓይነት ነው። ከተሳታፊዎቹ በተቀዳ የአከርካሪ ፈሳሽ በ2023 ትልቅ ነገር ታየ፤ በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን የተጣመመ የአልፋ ሲኑክሊን ፕሮቲን በላቦራቶሪ አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ ፓርኪንሰን ካለባቸው 87.7 በመቶውን ለየ። ኤልአርአርኬ2 የሚባለው ጂን ለውጥ ባላቸው ላይ ግን ውጤቱ ዝቅ ብሎ ነበር። ለእርስዎ በግል የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው፤ የሚከፍሉት ዋጋም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚፈራው ከወገብ ፈሳሽ መቅዳቱን ነው። መርፌው የሚገባው የአከርካሪ አጥንት ገመድ ካበቃበት በታች ነው። የተለመደው ችግር ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። ጫፉ ያልተሳለ ቀጭን መርፌ መጠቀም ይህን ራስ ምታት በጣም ይቀንሰዋል፤ «የምትጠቀሙት መርፌ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን ሳይናገር መርፌ ፊት መቅረብ የለበትም።

ቀጥሎ ያለው በሽታውን ያዘገያል ተብሎ የሚሞከር መድኃኒት ነው። ተስፋውም ውድቀቱም የበዛው እዚህ ነው። ኢስራዲፒን 336 ሰዎች ላይ ለ3 ዓመት ተሞክሮ በ2020 ውጤት አልባ ሆነ። አልፋ ሲኑክሊንን የሚያጠቁት ፕራሲኔዙማብ እና ሲንፓኔማብ በ2022 በታተሙት ጥናቶቻቸው ዋና ግባቸውን አልመቱም። ከሁሉ የሚያስተምረው የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው የኤክሴናታይድ ታሪክ ነው። በ2017 በ62 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የ3.5 ነጥብ ልዩነት አሳየ፤ 194 ሰዎች ለ96 ሳምንት በተከታተሉት በ2025 በወጣው ትልቅ ሙከራ ግን ምንም አልተገኘም። የእሱ ዘመድ የሆነው ሊክሲሴናታይድ በ2024 በ156 ሰዎች ላይ ከ12 ወር በኋላ 3.08 ነጥብ ልዩነት ሲያሳይ መድኃኒቱን ከወሰዱት 46 በመቶውን አቅለሽልሿል፣ 13 በመቶውን አስታውኳል።

እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው? ኤምዲኤስ ዩፒዲአርኤስ የሚባለው መለኪያ አራት ክፍል አለው፤ ሦስተኛው ክፍል፣ ሐኪሙ አካልዎን የሚመረምርበት፣ ከ0 እስከ 132 ይቆጠራል። ንግግር፣ የፊት ገጽታ፣ መገተር፣ ጣት ማጋጠም፣ እግር መምታት፣ ከወንበር መነሳት፣ መራመድ፣ ከኋላ ሲሳቡ ሚዛን መጠበቅ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። 3 ነጥብ ማለት ለምሳሌ የአንድ እጅ ጣት ማጋጠም፣ የአንድ እግር መምታትና የአነሳስ ነጥብ እያንዳንዳቸው በአንድ ደረጃ ሲሻሻሉ ነው። ለሳይንስ ትልቅ፣ ሸሚዝ ለመቆለፍ ምናልባት የማይታይ። «3 ነጥብ ለእኔ ምን ማለት ነው?» ብለው ጥናቱን የሚመራውን ሐኪም ይጠይቁ። የሚመልሱበት መንገድ ስለ ጥናቱ ጥራት ብዙ ይነግርዎታል።

እነዚህ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ገና ሌቮዶፓ ያልጀመረን ወይም መጠኑ የረጋለትን ሰው ነው። ወጥመዱም እዚህ አለ። ጥናቱ እስኪያልቅ ሌቮዶፓን ለማዘግየት ከተስማሙና ሥራዎ እየተበላሸ ከሄደ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። በ2019 ውጤቱ የወጣው፣ 445 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ሌቮዶፓን ቶሎ መጀመር በሽታውን እንደማያዘገየው፣ እንደማያባብሰውም አሳይቷል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ለኋላ ላስቀምጠው» ብሎ መሰቃየት ምክንያት የለውም። የስምምነት ቅጹ ውስጥ «ምልክቱ ከባሰ መድኃኒት መጀመር ይፈቀዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ፤ ከሌለ አይፈርሙ።

ሦስተኛው ምልክት የሚያቀል መድኃኒት ወይም መሣሪያ ነው። መድኃኒቱ በቀን ውስጥ ለሚያልቅባቸውና ለሚመለስላቸው፣ በተለመደው አነጋገር «ኦን» እና «ኦፍ» ለሚሆኑ ሰዎች ይህ የተሻለ ምርጫ ይመስለናል፤ ጥቅሙ ካለ በሳምንታት ውስጥ ይታወቃልና። መለኪያው ብዙ ጊዜ የቤት ማስታወሻ ነው። ቀኑ በግማሽ ግማሽ ሰዓት ተከፍሎ እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ተኝቻለሁ፣ ኦፍ ነኝ፣ ኦን ነኝ፣ ኦን ነኝ ግን የማያስቸግር ያለፈቃድ መወዛወዝ አለ፣ ኦን ነኝ ግን የሚያስቸግር መወዛወዝ አለ የሚል ምልክት ይደረጋል። 24 ሰዓት 48 ሳጥን ነው። የሚበላሸው እንዴት መሰለዎት? ሰው ማታ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ በትውስታ ይሞላዋል። ሌላው ስህተት መንቀጥቀጥን ከመወዛወዝ ማምታታት ነው፤ መንቀጥቀጥ ምት አለው፣ መወዛወዙ እንደ ጭፈራ ይፈስሳል። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ከነርሷ ጋር አብራችሁ ለጥቂት ሰዓታት ሞልታችሁ ማነጻጸር ይህን ያርመዋል።

ኦፍ ምርመራ ሲባል ብዙውን ጊዜ የፓርኪንሰን መድኃኒት ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይወሰድ ጠዋት መመርመር ማለት ነው። ቀስ ብለው የሚሠሩ እንክብሎች ከዚያ ይረዝማሉ። ሰውየው ጠዋት አልጋው ላይ መገላበጥ አቅቶት፣ በር ላይ እግሩ ተተክሎ ሊቀር ይችላል። ብቻውን አይሂድ፤ መኪና አይንዳ፤ የዚያ ጠዋት መድኃኒቱን ከነውሃው በቦርሳ ይያዝና ምርመራው እንዳለቀ ይውሰድ። ያለ ጥናቱ ትእዛዝ ለቀናት ማቋረጥ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ድንገተኛ ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጡንቻ መድረቅና የአእምሮ መሳት ያስከትላል፣ ሊገድልም ይችላል።

ከባዱ የቀዶ ሕክምና፣ የሴል እና የጂን ሙከራ ነው። የአንጎል ጥልቅ ማነቃቂያ፣ አንጎል ውስጥ በሚገባ ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚሰጥበት፣ ዛሬ ሙከራ ሳይሆን የታወቀ ሕክምና ነው፤ በ2013 በወጣውና 251 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከ2 ዓመት በኋላ የኑሮ ጥራት ነጥብ ማነቃቂያው በገባላቸው 26 በመቶ ሲሻሻል መድኃኒት ብቻ በወሰዱት በ1 በመቶ ቀንሷል። የሴል ንቅለ ተከላ ግን ገና ነው። በ2001 በወጣ ሙከራ 40 ሰዎች ተሳትፈው ግማሾቹ የራስ ቅላቸው ብቻ ተበስቶ ምንም አልገባላቸውም ነበር፤ በኋላ ንቅለ ተከላ ካገኙት 15 በመቶው ሌቮዶፓ ተቀንሶላቸውም ሆነ ቀርቶላቸው የማይቆም መወዛወዝ ያዛቸው። በ2025 ከግንድ ሴል የተሠሩ ሴሎች የገቡላቸው 12 እና 7 ሰዎች ያሏቸው ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ጥናቶች ወጥተዋል፤ ዓላማቸው በዋናነት ደኅንነትን ማየት ነበር። ሴሎቹ እንዳይገፉ የመከላከያ አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ለወራት ይወሰዳል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ከዚህ በኋላም ብዙ ሌሎች ጥናቶች አይቀበሉዎትም። ለሴል ሕክምና «ጥናት ነው» ብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ቦታ ካጋጠመዎት ውይይቱን እዚያው ያብቁ።

የስፖርት ጥናቶችን ሰው ይንቃቸዋል፤ እኛ አንንቃቸውም። በ2018 በወጣ ጥናት 128 መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎች ተመድበው አንደኛው ቡድን በሳምንት 4 ቀን በትሬድሚል እንዲሠራ ታቅዶ ነበር፤ የልብ ምታቸው ከከፍተኛው ምት ከ80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ። ከ6 ወር በኋላ ምልክታቸው ያልተባባሰው ይህ ቡድን ነው። ከመግባትዎ በፊት ግን የልብ ምርመራ አስቀድሞ መደረጉን ያረጋግጡ።

ኤፍኤንዲ ላለበት

እዚህ እንክብል የሚሞክር ጥናት ጥቂት ነው። የሚያገኙት ባብዛኛው ፊዚዮቴራፒ፣ የንግግር ሕክምና (ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ)፣ በማግኔት አንጎልን የማነቃቃት ሙከራ ወይም የአንጎል ምስል ጥናት ነው። ስለዚህ «መድኃኒቱ ይጎዳኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን ለሌላ ይለቃል፤ «ሕክምናው ካልደረሰኝ ምን አገኛለሁ?»

በ2017 የወጣው የእንግሊዝ የሙከራ ጥናት 60 ሰዎች ነበሩት። ግማሾቹ ለ5 ቀን ልዩ ፊዚዮቴራፒ አገኙ፤ ከ6 ወር በኋላ 72 በመቶው ተሻለኝ ሲሉ ከማነጻጸሪያው ቡድን የተሻላቸው 18 በመቶ ነበሩ። ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ 355 ሰዎች የተመዘገቡበት ትልቁ ጥናት በ2024 ወጣ፤ ዋናው መለኪያ፣ ከ12 ወር በኋላ በመጠይቅ የሚለካው የአካል እንቅስቃሴ አቅም፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል አልተለያየም። «ተሻለኝ» ያሉት ግን በልዩ ፊዚዮቴራፒው ቡድን በዝተው ነበር። የሚጥል መሰል ጥቃት ባለባቸው 368 ሰዎች ላይ በ2020 የወጣውም መልኩ ያው ነው። 12 ክፍለ ጊዜ የንግግር ሕክምና የወር ጥቃቶችን ቁጥር ከማነጻጸሪያው ለይቶ አልቀነሰም፤ ከ16ቱ ተጨማሪ መለኪያዎች በ9ኙ ግን ይበልጥ ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ «አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። በእነዚህ ጥናቶች ማነጻጸሪያው ቡድንም ምርመራው በግልጽ ተነግሮት፣ ምልክቱ ተብራርቶለት፣ ወደ ሕክምና ተልኮ ነበር። በኤፍኤንዲ ደግሞ ጥሩ ማብራሪያ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ስለዚህ ሁለት ጥናቶች ሲቀርቡልዎ መጀመሪያ ማነጻጸሪያው ቡድን ምን እንደሚያገኝ ያወዳድሩ፤ በደንብ የተብራራ ምርመራና መደበኛ ሕክምና የሚሰጠው ለ6 ወር ስምን ወረፋ ላይ ብቻ ከሚያስቀምጠው ይሻላል። ወረፋ ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ ሕክምናው ለሁሉም ይሰጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልከቱ።

ሁለተኛው ማወዳደሪያ የምልክትዎ ዓይነት ነው። የእንቅስቃሴ ችግር ላለበት ፊዚዮቴራፒ፣ ጥቃት ለሚበዛበት የንግግር ሕክምና የተሻለ ግጥም አለው። ዋና ችግሩ ሕመም ወይም ከባድ ድካም የሆነ ሰው ከፊዚዮቴራፒ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ይገለላል፤ የካሳ ክርክር ፍርድ ቤት ያለውም እንዲሁ። ጥሩ የኤፍኤንዲ ፊዚዮቴራፒ ጡንቻ ማጠንከር ላይ አያተኩርም። ትኩረትን ከእግሩ አንስቶ ወደ ሌላ ይወስዳል፤ ወደ ኋላ መራመድ፣ መንሸራተት፣ በመስታወት ራስን እያዩ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዛወር። ጥናቱ የሚሰጠው ሕክምና የተኙበት ማሸትና ክብደት ማንሳት ብቻ ከሆነ ስሙ ልዩ ቢባልም ልዩ አይደለም።

በማግኔት ማነቃቃት ላይ ማወቅ ያለብዎ፣ ለማነጻጸሪያ የሚውለው፣ አንጎልን የማያነቃቃው ማስመሰያ መሣሪያም ያው የቀጭታ ድምፅ ያሰማል። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት፣ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

መለኪያውስ? በፓርኪንሰን ሁሉም የሚስማማበት አንድ መለኪያ ሲኖር በኤፍኤንዲ እንዲህ ያለ የለም። ምልክቱ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል፣ ሲታይ ይብሳል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ጥናቶች ቪዲዮ ይቀርጹና ማን የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ የማያውቅ ባለሙያ ነጥብ ይሰጣል። ፊትዎ ይሸፈን እንደሆነ፣ ቪዲዮው መቼ እንደሚጠፋ፣ ለትምህርት ይታይ እንደሆነ ለየብቻ መፈረም መቻል አለብዎት። አንዳንዶቹ የእጅ መለኪያ ሰዓት ያስራሉ። በ2012 በወጣ ትንሽ ጥናት ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ያለባቸው ሰዎች ከነቁበት ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ እንደሚንቀጠቀጡ ሲናገሩ ሰዓቱ የቆጠረው በቀን 30 ደቂቃ ገደማ ነበር። ይህን ውሸት አድርጎ የሚያነብ ተመራማሪ ካገኙ ጥናቱን ይተዉት። ሰው ምልክቱን የሚያስተውለው ትኩረቱ እሱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ያኔ ደግሞ ምልክቱ አለ። በኋላ በ30 ቀን ክትትል የተደገመ ጥናት በዚህ ረገድ ፈንክሽናሉን ከሌላው መንቀጥቀጥ የሚለይ ነገር አላገኘም።

ፕላሲቦ በሁለቱ ዘንድ አንድ አይደለም

በፓርኪንሰን ፕላሲቦ፣ ማለትም እውነተኛ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ፣ እውነተኛ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ይህ በ2001 በአንጎል ምስል ታይቷል። በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሁሉም ማስመሰያ ተሰጥቷቸው እውነተኛውን የማግኘት ዕድላቸው 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 በመቶ እንደሆነ ተነገራቸው፤ ጎልቶ የታየ ዶፓሚን የተለቀቀው 75 በመቶ በተባሉት ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ተሻለኝ፣ እውነተኛው ደርሶኛል» ብሎ መገመት ከንቱ ነው። ለቤተሰብም ለመርማሪውም ግምትዎን አይንገሩ፤ የጥናቱን ውጤት ያጠፋዋል።

በኤፍኤንዲ ነገሩ ከሳይንስ አልፎ ወደ እምነት ይሄዳል። ብዙ ታካሚዎች «ከራስህ ነው» ተብለው ቆይተዋልና በማታለል የተገነባ ጥናት የቆሰለውን ያደማል። ማስመሰያ ሊኖር ይችላል፣ መኖሩ ግን በቅጹ ላይ መነገር አለበት። ጥቃት ለመቀስቀስ ውሸት መርፌ መስጠት የሚጠቀም ጥናት ከቀረበልዎ እምቢ የማለት ሙሉ ምክንያት አለዎት።

ቅጹን ሲያነቡ

የጥናቱን የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ። በክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ የተመዘገበ ከሆነ ቁጥሩ በኤንሲቲ ይጀምርና 8 አሃዞች ይከተላል። እዚያ ገብተው ዋናው መለኪያ ተብሎ የተጻፈውን ቅጹ ላይ ካለው ያነጻጽሩት፤ ጥናቱ ከተጀመረ በኋላ መለኪያው ተቀይሮ ከሆነ የታሪኩ ገጽ ያሳያል። መመዝገብ ማለት መፈቀድ ማለት አይደለም፤ ማንም ማስመዝገብ ይችላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ለብቻው መኖር አለበት።

ከዚያ ቅጹ ላይ እነዚህን ያስምሩባቸው፦ ስንት ጉብኝት፣ እያንዳንዱ ስንት ሰዓት፤ በጥናቱ ምክንያት ከተጎዱ ማን ያሳክማል፤ መድኃኒቱ ከጠቀመዎ ከጥናቱ በኋላ ይቀጥል ይሆን፤ ካቋረጡ የተሰበሰበው ደምና መረጃ ይጠፋል ወይስ ይቀራል፤ የጂን ውጤት ከተገኘ ይነገርዎታል ወይ። የመጨረሻው ለፓርኪንሰን ቤተሰብ ቀላል አይደለም፤ ውጤቱ የልጆችዎም ነው። መልሱን ከመፈረምዎ በፊት ከእነሱ ጋር ቢመክሩበት ይሻላል።

ቅጹን ቤት ወስዶ ማደር መብትዎ ነው። እዚያው ወንበር ላይ ይፈርሙ የሚል ቡድን፣ ጥናቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ነገ ሲደውሉለት የሚያነሳ አይመስለንም።

እኛ ብንጠየቅ

በቅርቡ ፓርኪንሰን ለተነገረውና ሥራውን ገና በደንብ ለሚሠራ ሰው የክትትል ወይም የስፖርት ጥናት ጥሩ መግቢያ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ክትትሉ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳል። የሚያዘገይ መድኃኒት ሙከራ ደግሞ ሌቮዶፓ የመጀመር ነፃነት ካለው ብቻ። መድኃኒቱ በቀን እያለቀበት ለተቸገረ ምልክት የሚያቀል ሙከራ፤ ኦፍ ጠዋቶችን የሚያጅበው ሰው ካለ። ቀዶ ሕክምና የታወቀው መንገድ ከተመዘነ በኋላ ይምጣ።

ኤፍኤንዲ ያለበት ሰው ምርመራው ካልተብራራለት የትኛውም ጥናት ውስጥ ባይቸኩል እንመርጣለን። ምልክቱን በዓይኑ አይቶ «አዎ፣ እግሬ ሳላስበው ይጫናል» ያለ ሰው ፊዚዮቴራፒው ሲጀመር የሚያደርገውን ያውቃል። ጉዞ የሚያደክመው ከሆነ 5 ቀን በተከታታይ የሚሰጠውንና በሳምንት አንድ ጊዜ ለወራት የሚሰጠውን ያስተያይ፤ የፊተኛው ቦታው ቅርብ ማደሪያ ካለው ይቀላል፣ የኋለኛው በየሳምንቱ መመላለስን ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚያ ላይ ነው።

ምርመራው ገና ያልለየለት ሰው ደግሞ ለጥናቱ ቡድን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «ማጣሪያው ላይ የእኔ ሌላ ሕመም ሆኖ ቢገኝ ውጤቱን ለሐኪሜ ትልኩለታላችሁ?» ዳት ስካኑ ደህና ወጥቶ ከጥናቱ የተሰናበተ ሰው ያንን ስዕል ይዞ መውጣት አለበት፤ ለሚቀጥለው ምርመራው ከያዘው ወረቀት ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ሊሆን ይችላልና።